አማካይ ቁጥር ብቻውን አይመክርም

የመመረቂያ ወቅት በተቃረበ ቁጥር ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ እየመጡ ከሚያነሡልኝ ጥያቄዎች አንዱ በየዓመቱ እየተደጋገመ መጥቷል። «መምህር፣ ለንግድ ድርጅቶች የሚሆን የመረጃ ትንተና ልማር አስቤያለሁ፤ የትኛውን ሶፍትዌር ባስቀድም ይሻለኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባንኩ፣ አስመጪው፣ ፋብሪካውና የችርቻሮ ነጋዴው ሳይቀር በየዕለቱ የሚያጠራቅመው መረጃ እየበዛ ሄዷል፤ ያንን መረጃ አንብቦ ለውሳኔ የሚያበቃ ሰውም ይፈለጋል። ለፊዚክስና ለሒሳብ ምሩቅ አዲስ የሥራ በር ሲከፈትለት ማየት የሚያስደስት እንጂ የሚያስከፋ ነገር የለውም። ሆኖም የምሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂውን ቅር ያሰኘዋል። «ሶፍትዌሩ ይደረስበታል፤ በቅድሚያ በአንደኛ ዓመት ያስረከብኸኝን የቤተ ሙከራ ሪፖርት አምጣና አብረን እንየው» እለዋለሁና።

ይህ መልስ ቀልድ ወይም ማምለጫ አለመሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ሐሳቤ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ለንግድ ውሳኔ የሚጠቅም የመረጃ ትንተና ቁም ነገሩ በቁጥሩ ላይ ያለንን ጥርጣሬ መጠኑን መለካት፣ ከዚያም ጥርጣሬውን ሳይደብቁ መወሰን መቻል ነው። ይህንን ያልለመደ ሰው እጅግ የረቀቀ መሣሪያ ቢሰጠው ስሕተቱን ያፋጥነው እንደሆነ እንጂ አያርመውም። ልማዱን የምናገኝበት ወይም የምናጣበት ቦታ ደግሞ ብዙዎቻችን የናቅነው የአንደኛ ዓመት ቤተ ሙከራ ነው።

በቢራ ፋብሪካ የተወለደ ስሌት

ስታቲስቲክስ የተማረ ሁሉ «የስቲዩደንት ቲ-ቴስት» የሚባለውን ያውቃል። ስቲዩደንት ማለት ተማሪ ማለት ስለሆነ ስያሜውን የሚሰማ ወጣት ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ቀላል መለማመጃ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። «ስቲዩደንት» የዊልያም ሲሊ ጎሴት የብዕር ስም ነበር። ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1876 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ኬሚስትሪ ካጠና በኋላ በ1899 በደብሊን ከተማ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ፋብሪካው በዚያን ዘመን የሳይንስ ምሩቃንን እየቀጠረ የጠመቃ ሥራውን በሙከራ ለማሻሻል ይጥር ነበር።

ጎሴት የገጠመው ጥያቄ የንግድ ጥያቄ ነበር። ከአንድ የተወሰነ ክብደት ብቅል የሚወጣው የስኳር መጠን ከተፈለገው ልክ ቢያንስም ቢበዛም ጣጣው ለቢራው ጥራትም ለወጪውም ይተርፋል። መጠኑን ለማወቅ ናሙና ወስዶ መለካት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሁለት ናሙናዎች አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም፤ እያንዳንዱ ልኬትም ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ታዲያ ስንት ጊዜ ቢለካ ይበቃል? ጎሴት በነዚያ ዓመታት ካደረጋቸው ስሌቶች አንዱ ይህንኑ የሚመለከት ነበር። ስሕተቱ ከግማሽ ዲግሪ እንዳይበልጥ ከተፈለገ፣ በ2 ልኬት አማካይ የመሳካት ዕድሉ 4 ለ 1፣ በ3 ልኬት 7 ለ 1፣ በ4 ልኬት 12 ለ 1፣ በ5 ልኬት 19 ለ 1 መሆኑን አገኘ። 82 ጊዜ ቢለካ ደግሞ ጥርጣሬው ከነጭራሹ ይጠፋል ማለት ይቻላል። እንግዲህ ለሥራው 10 ለ 1 የሆነ ዕድል የሚበቃ ከሆነ 4 ልኬት ይበቃል፤ 82 ጊዜ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ያለውን አስተሳሰብ ልብ እንበል። ጎሴት «እውነተኛው ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ብቻ አልጠየቀም። «ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ያስፈልገኛል? ለዚያስ ምን ያህል ልክፈል?» ብሎ ጠየቀ። የጠማቂዎቹን ጉዳይ የነካው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

አንድ ችግር ግን ቀረው። በዚያን ጊዜ የነበሩት ቀመሮች ብዙ ልኬት ላለው ሰው የተዘጋጁ ነበሩ። ልኬቶቹ 4 ወይም 5 ብቻ ሲሆኑ የመዋዠቁ መጠን ራሱ ከነዚያው ጥቂት ልኬቶች ስለሚገመት፣ ቀመሩ ጥርጣሬያችንን ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል። ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ ለንደን ሄዶ በካርል ፒርሰን ዘንድ አንድ ዓመት ያህል ሲሠራ ይህንን ችግር ያዘ። የ3000 ወንጀለኞችን የቁመትና የጣት ርዝመት ልኬት በካርዶች ላይ ጽፎ፣ ካርዶቹን በውዞ፣ በአራት በአራት ከፍሎ 750 ናሙናዎች አዘጋጀና በሒሳብ የደረሰበትን ውጤት በእጁ ፈተነው። ዛሬ ኮምፒዩተር በሰኮንድ ክፍልፋይ የሚሠራውን የማስመሰል ሙከራ እሱ በካርድ ሠራው ማለት ነው። ውጤቱ በ1908 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ታተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ ጽሑፉ «ስቲዩደንት» በሚል ስም ወጣ።

የግኝቱን ክብደት በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በ95 በመቶ መተማመኛ የስሕተት ወሰን ለማበጀት፣ መዋዠቁ አስቀድሞ በእርግጥ ቢታወቅ የምናባዛው በ1.96 ነው። ከ4 ልኬት ብቻ ተነሥተን ከሆነ ግን በ3.18 ማባዛት አለብን። ይህም ማለት በጥቂት መረጃ ላይ ተመሥርቶ በአሮጌው ቀመር የሠራ ሰው የስሕተቱን ወሰን ሊኖረው ከሚገባው በሦስት እጅ ከአንድ እጅ በላይ ያሳንሰዋል ማለት ነው። ዛሬ በሕክምና፣ በግብርናና በፊዚክስ የምንገለገልበት ይህ መሣሪያ የተወለደው ስለ ገብስና ስለ ብቅል ከተነሣ የንግድ ጥያቄ ነው። «የንግድ ትንተና ለሳይንስ ተማሪ ያንሳል» የሚል ሰው ካለ ይህንን ታሪክ ያስታውስ።

የዳቦ ቤቱ ደብተር

የጎሴት ትምህርት ዛሬ በቅርባችን ባለ ሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹን የመረጥሁት ለስሌት እንዲያመቹ ነው። አንድ ዳቦ ቤት አንዱን ዳቦ ለመጋገር 7 ብር ያወጣል፤ በ10 ብር ይሸጠዋል፤ ያደረ ዳቦ ገዢ የለውም እንበል። ፈላጊው ከቀን ቀን ይለያያል፤ አንድ ቀን 300፣ ሌላ ቀን 350፣ 400፣ 450 ወይም 500 ዳቦ ይጠየቃል፤ አምስቱም እኩል ዕድል አላቸው። አማካዩ 400 ነው። ባለቤቱ በየማለዳው ስንት ዳቦ ይጋግር?

የብዙ ሰው መልስ «አማካዩን፣ 400» የሚል ነው። እናስላው። አምስቱ ዓይነት ቀኖች አንድ አንድ ጊዜ ቢደርሱና በየቀኑ 400 ቢጋገር፣ የሚሸጠው 300፣ 350፣ 400፣ 400 እና 400፣ በድምሩ 1850 ዳቦ ነው። ገቢው 18,500 ብር፣ ወጪው 14,000 ብር፣ ትርፉ 4,500 ብር ይሆናል። በየቀኑ 350 ቢጋገርስ? የሚሸጠው 1700 ዳቦ ነው፤ ገቢው 17,000፣ ወጪው 12,250፣ ትርፉ 4,750 ብር ይሆናል። ከአማካዩ ያነሰ የጋገረው ይበልጥ አተረፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሳይሸጥ ያደረ አንድ ዳቦ 7 ብር ያከስራል፣ ተፈልጎ የታጣ ዳቦ ግን የሚያስቀረው 3 ብር ትርፍ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ የመጋገሪያው ወጪ 3 ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ተመሳሳዩ ስሌት 450 ዳቦ መጋገር እንደሚሻል ያሳያል። መረጃው ያው ነው፤ አማካዩም ያው ነው፤ ውሳኔው ግን ከአማካዩ በታችና በላይ ሆኖ ተለያየ። ውሳኔውን የወሰነው መዋዠቁና በሁለቱ ወገን ያለው የስሕተት ዋጋ ነው። ለዚህ ነው አማካይ ቁጥር ብቻውን አይመክርም የምለው።

ምሳሌው ሌላም ነገር ያስተምረናል። ባለቤቱ ምክራችንን ተቀብሎ በየቀኑ 350 እየጋገረ አንድ ዓመት ሠራ እንበል። በዓመቱ መጨረሻ አንድ ወጣት ተንታኝ መጥቶ የሽያጭ ደብተሩን ይመረምራል። በደብተሩ ላይ የተጻፈው 300 ወይም 350 ነው፤ አማካዩም 340። ተንታኙ «የደንበኞችዎ ፍላጎት በቀን 340 ዳቦ ነው» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ስሌቱ ምንም እንከን የለበትም፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። እውነተኛው ፍላጎት 400 ነበር። ዳቦው ካለቀ በኋላ መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ሰዎች በደብተሩ ላይ የሉም። ደብተሩ የሚናገረው ስለ ሽያጭ እንጂ ስለ ፍላጎት አይደለም። ይህንን ስሕተት የሚያርመው የረቀቀ ሶፍትዌር አይደለም፤ ሻጯ በየቀኑ ዳቦው ያለቀበትን ሰዓት በእርሳስ ብትጽፍ ይበቃል። ነገር ግን ይህንን እንድትጽፍ የሚጠይቃት፣ ጥያቄው አስቀድሞ የታየው ሰው መሆን አለበት።

መረጃ ቢበዛስ?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ጎሴት የተቸገረው 4 ልኬት ብቻ ስለነበረው ነው። ዛሬ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር መረጃ ስላለን ጥርጣሬው አብሮ ጠፍቷል» የሚል ነው። ይህ እምነት ሲበዛ አደገኛ ነው። የመረጃ ብዛት የሚያጠፋው በአጋጣሚ የሚመጣውን መዋዠቅ ብቻ ነው። መረጃው ከመነሻው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ከሆነ ብዛቱ ስሕተቱን የበለጠ የተረጋገጠ ያስመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ የአሜሪካ መጽሔት በዚያ ዓመት የሚካሄደውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ለመተንበይ ወደ 10 ሚሊዮን መጠይቅ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስም ደረሰው። ከዚህ ተነሥቶ አልፍ ላንደን እንደሚያሸንፍ ተነበየ። ምርጫው ሲካሄድ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ። መጽሔቱ ስሞችን ከሰበሰበባቸው ምንጮች ዋነኞቹ የስልክ ማውጫና የመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበሩ፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው የሕዝቡ ትክክለኛ ናሙና አልነበረም። መልስ ለመላክ የተነሡትና ዝም ያሉትም አንድ ዓይነት አልነበሩም። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋላፕ እጅግ ባነሰ፣ ነገር ግን ተመርጦ በተሰበሰበ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተነበየ። ሊተራሪ ዳይጀስት ከሁለት ዓመት በኋላ ኅትመቱን አቆመ።

«ይህማ የጥንት ታሪክ ነው» ለሚል፣ ከእኛው ዘመን አንድ ልጨምር። ዚሎው የተባለው የአሜሪካ የቤት ሽያጭ ኩባንያ የቤቶችን ዋጋ በአልጎሪዝም በመገመት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በግምት ብቻ ሳይወሰን ቤቶችን ራሱ እየገዛ መልሶ መሸጥ ጀመረ። በኅዳር ወር 2021 ይህንን ሥራ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በእጁ ባሉት ቤቶች ላይ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የዋጋ ቅናሽ መዘገበ፤ ከሠራተኞቹም 25 በመቶ ያህሉ እንደሚሰናበቱ ገለጸ። ኩባንያው ራሱ በሰጠው ምክንያት የቤት ዋጋን መተንበይ ከጠበቀው በላይ አስቸጋሪ ሆኖበት ነበር። መረጃም ሆነ የሠለጠነ ባለሙያ አልጐደለውም ነበር።

እንዲህ ባለ ንግድ ውስጥ ከዳቦ ቤቱ ደብተር ጋር የሚመሳሰል ወጥመድ አለ። ግምቱ በአማካይ ትክክል ነው እንበል፤ አንዳንዱን ቤት አስወድዶ፣ አንዳንዱን አርክሶ ይገምታል። የቤቱ ባለቤት ግን ቤቱን ከአልጎሪዝሙ የበለጠ ያውቀዋል። ዋጋው ሲረክስበት አልሸጥም ይላል፤ ሲወደድለት ደስ ብሎት ይሸጣል። ስለዚህ በገዢው እጅ የሚገቡት ቤቶች በአብዛኛው ከልክ በላይ የተገመቱት ይሆናሉ። በአማካይ ትክክል የሆነ ግምት ለኪሳራ ሊዳርግ የሚችለው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአበው ብሂል ለመረጃ ተንታኝ የመጀመሪያው ሕግ ሊሆን ይገባዋል፤ ይህ ቁጥር እንዴት ወደ እጄ ገባ? ሳይገባ የቀረውስ የትኛው ነው?

በጾምና በፍስክ መካከል

መረጃን ከሥሩ መጠየቅ አገርን ማወቅንም ይጠይቃል። ከውጭ አገር መጻሕፍት የምንማራቸው ዘዴዎች ትክክለኛ ናቸው፤ ነገር ግን ወርና ሰዓቱ ለነሱ ኑሮ የተቀመረ ነው። አንድ የወተት ነጋዴ የሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ሽያጩን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጋር አነጻጽሮ በእጅጉ መውረዱን ቢያይ ሊደነግጥ ይችላል። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 8 ቀን ስለነበር ከወሩ ውስጥ ጾም የነበረው 7 ቀን ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን ስለነበር 26 ቀኖች በዐቢይ ጾም ውስጥ ወደቁ። የረመዳን ወርም ከዓመት ዓመት በ11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደመ ይመጣል። ወርን ከወር ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ሶፍትዌር ይህንን አያውቅም፤ እኛ ካልነገርነው ጾሙን የገበያ ውድቀት፣ ፍስኩን የገበያ ዕድገት አድርጎ ያቀርብልናል። ጳጉሜንን እንደ አንድ ሙሉ ወር ቆጥሮ የነጋዴውን ገቢ በአንድ ጊዜ ገደል የሚከት ሠንጠረዥም ሊወጣ ይችላል። በደብተር «2 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው ጠዋት በኮምፒዩተሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። እነዚህ ነገሮች ትንንሽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ውሳኔን ከነሥሩ ያበላሻሉ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ምክንያትን ከአጋጣሚ የመለየት ጥያቄ ነው። የወተት ነጋዴው ከፋሲካ ማግሥት ዋጋ ቀንሶ ሽያጩ ቢጨምር «የዋጋ ቅናሹ ሠራ» ሊል ይችላል። እውነቱ ግን ጾሙ መፈታቱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለተከሠቱ፣ ከዚያ መረጃ የቱንም ያህል ስሌት ቢሠራ አይለያዩም። መፍትሔው በሳይንስ የታወቀው የተመዛዘነ ሙከራ ነው። ነጋዴው ሁለት ሱቅ ካለው በአንደኛው ዋጋ ቀንሶ በሁለተኛው ይተወው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያለዋውጣቸው፤ ይህንን ጥቂት ጊዜ ይደጋግመው። ያን ጊዜ ጾሙም፣ በዓሉም፣ የደመወዝ ቀኑም ሁለቱንም ሱቆች እኩል ስለሚነካ የዋጋው ድርሻ ለብቻው ይታያል። አንድን ተለዋዋጭ ብቻ ለውጦ ሌላውን ማጽናት ማለት ይኸው ነው፤ ይህንንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሳይንስ ክፍል ተምሮታል።

የ9.81 ነገር

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው ሪፖርት እንመለስ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በፔንዱለም የስበትን ፍጥነት መጨመር ይለካል። ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ፔንዱለም አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ተማሪው 10 ምልልስ ቢቆጥር 20 ሰኮንድ ያህል ያገኛል። ሰዓቱን በእጁ ሲያስነሣና ሲያቆም 0.2 ሰኮንድ ያህል ቢሳሳት፣ የጊዜው ስሕተት 1 በመቶ ይሆናል፤ በቀመሩ ውስጥ ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ የውጤቱ ስሕተት 2 በመቶ፣ ማለትም 0.2 ያህል ይሆናል። ስለዚህ «9.6 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.2» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ጥሩ ሥራ ሠርቷል። የተሻለ ከፈለገም ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ 50 ምልልስ ይቆጥራል፤ ስሕተቱም ወደ 0.04 ይወርዳል። የጎሴት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ? ለዚያስ ምን ያህል ልድከም?

በተግባር የማየው ግን ሌላ ነው። ከሚደርሱኝ ሪፖርቶች ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው ውጤት 9.81 ወይም 9.80 ነው። ተማሪው መልሱን ከመጽሐፍ ያውቀዋል፤ የማይስማማውን ልኬት ይሰርዛል፣ የሚስማማውን ያስቀራል፤ አንዳንዴም ከመልሱ ወደ ኋላ ተነሥቶ ልኬቱን ይፈጥራል። የሚያስገርመው 9.81 በለንደን አካባቢ የሚለካው ቁጥር መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበችና በከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች በዚህ ያለው ዋጋ ወደ 9.78 የቀረበ ነው። ተማሪው የገዛ አገሩን ልኬት ሰርዞ የሌላ አገር ቁጥር ይጽፋል ማለት ነው።

ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። እኛ መምህራን ለ9.81 ለቀረበ ሪፖርት ከፍ ያለ ማርክ፣ ለ9.6 ዝቅ ያለ ማርክ በሰጠን ቁጥር፣ የሚፈለገውን መልስ ማምጣት እንጂ መለካት እንደማይከፍል አስተምረናል። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ይህንን ማድረጌን አልክድም።

ይህ ልማድ ከተማሪው ጋር ተመርቆ ወደ ሥራ ዓለም ይገባል። አንድ ሥራ አስኪያጅ አዲስ ቅርንጫፍ ለመክፈት በልቡ ከወሰነ በኋላ ወጣቱን ተንታኝ ጠርቶ «አዋጭነቱን የሚያሳይ ጥናት አዘጋጅልኝ» ሊለው ይችላል። ልኬትን ወደ ተፈለገው መልስ መግፋት በቤተ ሙከራ የለመደ ሰው በቢሮም አይቸገርም፤ የማይስማማውን ወር ይተዋል፣ የሚስማማውን ያስቀራል፣ የሚያምር ሥዕል ይሥላል። በቤተ ሙከራ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በቢሮ ግን ቅርንጫፉ ሲዘጋ የሚከፍለው ተበዳሪው ባለሀብት ብቻ አይሆንም፤ በዚያ የተቀጠሩት ሠራተኞችም ናቸው።

ታዲያ ምን እንማር?

ይህንን ሁሉ ካልሁ በኋላ ተማሪውን ያለ ምክር መመለስ ተገቢ አይሆንም። የመጀመሪያው ምክሬ የዕድል ስሌትንና ስታቲስቲክስን በእጅ ሠርቶ መማር ነው። እንደ ጎሴት ካርድ መቁረጥ ባያስፈልግም፣ ናሙና እየደጋገሙ አውጥቶ አማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ በዓይን ማየት ከብዙ ቀመር ይበልጣል። ሁለተኛው ሪግሬሽን የሚባለውን ዘዴ ጠንቅቆ ማወቅ ነው፤ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ሳይሆን ምክንያትን ከአጋጣሚ መለየት የማይችለው መቼ እንደሆነም ጭምር። ሦስተኛው ፕሮግራም መጻፍ ነው። ፓይተንና አር በነጻ የሚገኙ ቋንቋዎች ናቸው፤ አንዱን በደንብ መያዝ ይበቃል። ለትንሽ ሥራ ኤክሴልም አያሳፍርም። አራተኛው ወደ ሥራው ቦታ መሄድ ነው። በባለቤቱ ፈቃድ በአንድ ዳቦ ቤት፣ ሱቅ ወይም ወፍጮ ቤት አንድ ወር መረጃ መሰብሰብ፣ ደብተሩ የማይዘውን መጠየቅ፣ በመጨረሻም «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ገጽ መልስ መጻፍ ከብዙ የምስክር ወረቀት ይበልጥ ያስተምራል። አምስተኛው ደግሞ መረጃውን ከመክፈት በፊት «ምን ባገኝ ሐሳቤን እለውጣለሁ?» የሚለውን ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ይህ አንድ መስመር ጽሑፍ ከላይ ከጠቀስሁት ፈተና ይጠብቃል።

ሁለት ተቃውሞዎችን ሳልመልስ ባልፍ ተገቢ አይሆንም። አንደኛው «ሥራ አስኪያጅ ጥርጣሬ መስማት አይወድም፤ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው» የሚል ነው። በእርግጥም «ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ ይህን ያህል ነው» ብሎ ለሚነግረው ሰው ጆሮ ላይሰጥ ይችላል። ጎሴት ግን ለጠማቂዎቹ በሚገባቸው ቋንቋ «12 ለ 1» እያለ ይነግራቸው ነበር። «ይህንን ብናደርግ ከአምስት ቀን በአራቱ እናተርፋለን፤ በአምስተኛው የምንከስረው ይህን ያህል ነው» የሚል ተንታኝ ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ በሚያስብበት በራሱ ቋንቋ እየተናገረ ነው። ጥርጣሬን በብር መናገር መቻል ራሱን የቻለ ችሎታ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትንተናውን ራሱ ስለሚሠራ ለምን እንደክማለን?» የሚል ነው። መሣሪያው ፕሮግራሙን ሊጽፍ፣ ሥዕሉን ሊሥል፣ አማካዩን ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን ዳቦው በስንት ሰዓት እንዳለቀ በደብተሩ ላይ ካልተጻፈ ከደብተሩ ሊያወጣው አይችልም። ማሽኑ ስሌቱን ባቀለለልን መጠን ለሰው የሚቀረው ሥራ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መጠየቅና ብንሳሳት የሚከፈለውን ዋጋ መመዘን ይሆናል። ስለዚህ ይህንን ችሎታ መማር ከቀድሞው ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመትም ያ ጥያቄ ይዞት የሚመጣ ተማሪ አይጠፋም። ሲመጣ የቤተ ሙከራ ሪፖርቱን ይዞ ይምጣ። በሪፖርቱ ላይ 9.81 ተጽፎ ካገኘሁ ፔንዱለሙን እንደገና ሰቅለን ከመጀመሪያው እንጀምራለን። «9.6 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.2» የሚል ካገኘሁ ግን ስለ ሶፍትዌሩ በዚያው ቀን እንነጋገራለን፤ ዋናውን ነገር አስቀድሞ ተምሯልና።